የማርሊስ ቼክ

ማርሊስ ሊንድግሬን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በአንድ ጣቷ ወደ ፕራቢና ገፋ ስታደርገው፣ ፕራቢና የመሰላት የሮስ የልጅነት ፎቶ ነበር። እናቶች ለልጃቸው ፍቅረኛ የሚያሳዩት እንዲህ ያለ ነገር ነዋ! ፈገግታዋን አዘጋጅታ ጎንበስ አለች። ያየችው ግን የቼክ ፎቶ ነው። የራሷ ስም ተጽፎበታል። ከስሟ በታች፣ ሰው ልብ ሳይል በሚያልፋት አጭር መስመር ላይ፣ በማርሊስ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት «በዱባ መሸጫው ለሠራችበት» ይላል።

«ታስታውሽዋለሽ፣ የኔ ማር?»

«የልደቴ ስጦታ ነው። ካርዱ ውስጥ የነበረው።»

«ካርዱማ ካርድ ነው። ቼኩ ምን እንደሚል አንብቢው እንጂ።»

ፕራቢና አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በጥቅምት ሦስት ቅዳሜዎች፣ ሮስ ከጋሪ ላይ ዱባ ሲያወርድ እሷ እየተቀበለች ስትደረድር፣ ልጆች ሲመጡ ትልቁን ስትመርጥላቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትስቅ የዋለችባቸውን ቀናት አስታወሰች። በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ማርሊስ አቅፋ ስማት፣ «መልካም ልደት» የሚል ፖስታ ኪሷ ውስጥ ከትታላት ነበር። ፕራቢና ቼኩን እንደማንኛውም ሰው በስልኳ ፎቶ አንስታ ባንክ አስገባችው። ያቺን መስመር ማን ያነባታል?

«ያለሽ የተማሪ ቪዛ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ መሥራት አይፈቀድልሽም። ተሳሳትኩ?» አለች ማርሊስ፣ ድምጿን ሳትለውጥ።

«እኔ እኮ ሮስን ላግዘው ብዬ ነው። ደሞዝ አልጠየቅኩም። እርስዎ ነዎት...»

«እኔማ ነኝ። ክፉ ሰው ግን አታድርጊኝ። አንቺን ጠልቼ አይደለም። ሮስ አንድ ልጄ ነው። ይሄን መሬት የባሌ አያት በፈረስ ያረሰው ነው። ልጄ የማንም የመኖሪያ ፈቃድ አይሆንም። እስከ ገና ጊዜ አለሽ። ሌላ ክፍለ ግዛት የዶክትሬት ትምህርት ዕድል አገኘሁ በይውና ሂጂ፤ እኔም ይሄን ፎቶ አጠፋዋለሁ። ካልሆነ ግን የሚደወልበት ቁጥር አለ።»

ይህን ብላ ከዱባ ኬኩ ወፈር አድርጋ ቆረሰችና ሳህኑን አቀረበችላት። «ብዪ እንጂ። ትናንት ለአንቺ ብዬ ነው የጋገርኩት።»

ፕራቢና በላች። ለምን እንደበላች ኋላም ለራሷ መመለስ አልቻለችም። ሰው ቤት የቀረበ አይገፋም ተብላ ስላደገች ይሆናል። ያ ለስላሳ፣ ጣፋጭ ነገር ምላሷ ላይ እንደ ሳሙና ተሙለጨለጨ። በዚያው ቅጽበት ሮስ የናፍጣ ሽታውን ይዞ በኋላ በር ገባ፤ እናቱን ግንባሯ ላይ ሳመና «ምን እየተንሾካሾካችሁ ነው?» አለ።

«የኬክ አሠራር እያስተማርኳት ነው» አለች ማርሊስ።

ፕራቢና ያን ፈገግታ አየች። ንጹሕ፣ ሙቅ፣ የእናት ፈገግታ ነበር። እጅ እጅ ያላትም እሱ ነው።

* * *

የሂሳብ አስተማሪ ልጅ ናት፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ቺትዋን ከሚባል ቦታ የመጣች። አባቷ ሰው የሚለካው በደብተሩ ጥራት ነው የሚሉ ሰው ናቸው፤ እሷም አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ የቪዛዋን ነገር እንደዚያ ደብተር ይዛዋለች። ሳምባ ምች ይዟት ሳለ እንኳ ትምህርት ላለመቀነስ ብርድ ልብስ ተከናንባ ክፍል ገብታለች። ቤት ስትቀይር አዲሱን አድራሻ በማግሥቱ አስመዘገበች። የተፈቀደላት ሥራ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በአፈር ምርምር ላቦራቶሪው፣ በሳምንት ሃያ ሰዓት ነው፤ ሃያኛዋ ሰዓት ስትሞላ የያዘችውን ብልቃጥ አስቀምጣ ትወጣ ነበር። አብራት የምትኖረው የጋናዋ ልጅ አኮሱዋ፣ «አንቺ የተጋባሽው ከቪዛሽ ጋር ነው፤ ሮስ ምስኪኑ ውሽማሽ ነው» እያለች ትስቅባታለች።

ሮስን ያገኘችው ለምርምሯ አፈር ልትወስድ እርሻቸው በሄደችበት ቀን ነው። አካፋ ተሸክሞ ሦስት ሰዓት ተከተላት። «ይሄ አሸዋ ነው ሸክላ? ይሄ ለምን ጠቆረ?» እያለ ሲጠይቃት፣ እሷ በትዕግሥት ስታስረዳው ዋለች። በሳምንቱ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በእርሻ ሳይንስ በማዕረግ የተመረቀ መሆኑን ሰማች። ደውላ ተቆጣችው። «አውቃለሁ ብልሽ ኖሮ ትናገሪ ነበር?» አላት። ፍቅራቸው ከዚያች ስልክ ይጀምራል።

አሁን ደግሞ ከማርሊስ ቤት ወጥተው፣ በሮስ ፒካፕ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ከተማ እየተመለሱ ነው። ግራና ቀኝ የታጨደ የበቆሎ ማሳ ነው። ፕራቢና ዓይኗን ከማሳው አልነቀለችም። ሮስ ሁለት ሦስቴ ሰርቆ አያት።

«እማዬ ነገረችሽ አይደል?» አላት በመጨረሻ፣ እያፈረ። «እሷ እንደሆነች ምሥጢር አይቋጥርላትም።»

ፕራቢና ክው አለች። «ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብለን ተነጋግረንበታል።»

«ተነጋግራችሁበታል...»

«በእርግጥ ራሴ ልነግርሽ ነበር ያሰብኩት። በይ፣ ከሰማሽው አይቀር...» መኪናውን ቀስ አደረገና ከደረት ኪሱ ቀለበት አወጣ። አሮጌ ነው፣ ቀጭን፣ የአያቱ። «እንጋባ ፕራቢ። ከዚያ በኋላ ስለ ቪዛ፣ ስለ ወረቀት ምናምን ማሰብ የለም። እናበቃለን።»

ቀለበቱን አየችው። እናትየዋ ወጥመድ ታጠምዳለች፣ ልጅ ደግሞ ከወጥመዱ ማስወጫ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ሐሙስ ዕለት ቁጭ ብለው ተነጋገሩበት! ሁለቱ በዚያች ሞቃት ኩሽና፣ በመካከላቸው ኬክ አስቀምጠው፣ ስለ እሷ እንደ ገበያ ከብት ሲወያዩ ታያት።

«መኪናውን አቁም።»

«ምን ሆንሽ?»

«አቁም አልኩህ!»

በሩን ከፍታ እስከ ማሳው ዳር አልደረሰችም። የበላችው ሁሉ በአፍና በአፍንጫዋ ወጣ። ጉልበቷ ቀዝቃዛው አፈር ላይ ነው፤ ሮስ እየሮጠ መጥቶ ፀጉሯን ከፊቷ ሊሰበስብላት እጁን ሰደደ።

«አትንካኝ! እጅህን አንሣ!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ደንግጦ እንደ ሕፃን ዓይኑን አፈጠጠ። ያ ድንጋጤ እንኳ ለእሷ ቲያትር መሰላት፤ እሱ ራሱ አስጠላት።

ከሁሉ የከፋውን ግን ያን ዕለት ለማንም አልተናገረችም። ቀለበቱ ብልጭ ሲል፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ «እሺ በይ፣ ሁሉም ነገር ያበቃል» የሚል ሐሳብ በልቧ አልፎ ነበር። የምትወደውን ሰው በዚያች ቅጽበት እንደ ማኅተም አይታዋለች። ማርሊስ የጠረጠረቻት ሴት ውስጧ አለች ማለት ነው። ያን ያወቀች ጊዜ ራሷን ተጸየፈች።

* * *

«እና ምን ያስለቅስሻል?» አለች አኮሱዋ፣ አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ። «ሰውየው ይወድሻል። አንቺም ትወጅዋለሽ። አግቢው! ለምራትሽ ደግሞ... ማነው፣ ለአማትሽ፣ በየዓመቱ ዱባ ላኪላት።»

«አኮሱዋ፣ ቀልድ አልቻልኩም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ዜጋ ያገባ ሰው ያቺ ቼክ ምንም አታደርገውም። እኔ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚያገባኝ ባገኝ በነጠላ ጫማ ነው የምሮጠው።»

«ሁላችሁም እንደ ወረቀት ነው የምታወሩት! እናቱ ወረቀት ፈላጊ ትለኛለች፣ አንቺ ወረቀት ነው ትይኛለሽ፣ እሱ ራሱ ቀለበት አውጥቶ ያወራው ስለ ወረቀት ነው። አንድ ሰው እንኳ...» ድምጿ ተሰበረ።

አኮሱዋ ከአልጋዋ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን ይዛ፣ «እሺ። እሺ የኔ እህት። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለቻት።

ፕራቢና ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች።

«ሮስ፣

ፊት ለፊት ብነግርህ ድምፄ ይከዳኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። እናትህ የሰጠችኝን ቼክ እኔ ስጦታ ብዬ፣ እሷ ማስረጃ ብላ ይዘነዋል። እስከ ገና ትቼህ ካልሄድኩ ልታስይዘኝ ነው። ይህን ሐሙስ ዕለት አውቀህ፣ እሁድ ቀለበት ይዘህ መጣህ። እሷ እንድፈራ፣ አንተ እንዳመሰግን ተካፍላችሁ ከሆነ ሥራችሁን በደንብ ሠርታችኋል፤ ፈርቻለሁ። ማመስገን ግን አልቻልኩም። እጅህን ሳስብ ገላዬ ይሸማቀቃል። ሁለት ዓመት የወደድኩት እጅ ነው። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ።

ፕራቢና»

በማግሥቱ ፖስታ ቤት ሄዳ ጣለችው። ደብዳቤው ከሣጥኑ ግርጌ ሲያርፍ የሰማችው ድምፅ ደረቷ ውስጥ የወደቀ ያህል ከበዳት።

* * *

የውጭ አገር ተማሪዎች አማካሪዋ ዮላንዳ ዴልጋዶ መነጽሯን አውልቃ አዳመጠቻት፤ ፕራቢና «ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቦታ...» ስትል ግን እጇን አነሣች።

«ቆይ። ከመቀጠልሽ በፊት አንድ ነገር ስሚኝ። እኔ አንዴ ከሰማሁ እንዳልሰማ መሆን አልችልም፤ ሥራዬ ነው። መጀመሪያ የተማሪዎቹን ጠበቃ አነጋግሪ። ነገም እዚሁ ነኝ።»

ጠበቃውን አነጋገረች። አማራጮቹን ሁሉ በደንብ አስረዳት፤ ከሁሉ የቀለለው ያው ጋብቻ ነበር። በማግሥቱ ተመልሳ፣ ሳትቀመጥ፣ ከዱባው እስከ ዛቻው ያለውን ሁሉ ለዮላንዳ ነገረቻት።

ዮላንዳ የተማሪነት መዝገቧን ከፈተች። ከዚያ ሳትሸፋፍን አስረዳቻት። መዝገቧ ይዘጋል። ያለ ፈቃድ ሥራ ስለሆነ እዚሁ ሆና እንዲመለስላት የምትጠይቅበት መንገድ የለም። የመሰናበቻ ቀናትም አይሰጣትም፤ ቶሎ መውጣት ነው። ፕሮፌሰሯ ያልጨረሰችውን ትምህርት ሊያቆዩላት ይችላሉ። አገሯ ገብታ በአዲስ ፎርም፣ በአዲስ ቃለ መጠይቅ ቪዛ ትጠይቃለች።

«ይሰጡኛል?»

«ቃል አልገባልሽም። ደብዳቤ ግን እጽፍልሻለሁ፤ ራስሽ መጥተሽ መናገርሽን እጽፋለሁ።» ዮላንዳ እንደገና መነጽሯን አወለቀች። «እንደ ሰው ልጠይቅሽ እንጂ፤ ሴትየዋ እኮ ላትደውል ትችል ነበር። ለምን መጣሽ?»

«ባትደውልም ይዛኛለች» አለች ፕራቢና። «ስልኳን ባነሣች ቁጥር ልቤ ሊወድቅ ነው። 'የኔ ማር' ባለችኝ ቁጥር በሳህን የሰጠችኝን ልበላ ነው። አልችልም። ከዚህ በላይ ራሴን መጸየፍ አልችልም።»

ከቢሮው ስትወጣ ሁሉን አጥታ ነበር። ግን ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት፤ ዳቦ ገዝታ መንገድ ላይ እየበላች ሄደች።

* * *

ሮስ ላቦራቶሪው በር ላይ ሲደርስ እሷ ብልቃጦቿን ለሚተካት ሰው እያጠበች ነበር። ደብዳቤዋ እጁ ላይ ተጨማዶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ነው የመጣው።

«ቼኩን አላውቅም» አለ ገና ከበሩ። «ዛሬ ደብዳቤሽን እስካነብ ድረስ አላውቅም። በሕይወት ያለ ሰው በሚምልበት ሁሉ እምልልሻለሁ።»

«ሐሙስ ዕለት ተነጋግረናል ብለኸኛል።»

«ስለ ቀለበቱ! የአያቴን ቀለበት ስጪኝ፣ ላገባት ነው ስላት ነው የተነጋገርነው! ነገረችሽ ወይ ያልኩሽም እሱን ነው። ፕራቢ፣ እኔ ቀለበቱን ስጠይቃት አቅፋ ስማኝ... እሷ ግን ያንን ስልክ...» መጨረስ አቃተው።

ብልቃጡ ከእጇ ሾልኮ ገንዳው ውስጥ ተንከባለለ። ያን አየር ላይ የቀረ እጅ አስታወሰች። ድንጋጤው ቲያትር አልነበረም። እሷ ግን አፈር ላይ ተንበርክካ እንደ ውሻ አባራዋለች።

«ሮስ...»

«ጠየቅኳት» አለ። «አልካደችም። ለአንተ ብዬ ነው አለችኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ አደን ስንወጣ፣ በወጥመድ የተያዘ እንስሳ ላይ አይተኮስም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት። አለቀሰች። እያለቀሰች ትቻት ወጣሁ። እናቴ ናት፣ ትሰሚኛለሽ? የአርባ ሰው ምግብ ብቻዋን የምትሠራው፣ የጎረቤት ላም ስትወልድ ሌሊት የምትነሣው እናቴ። ዛሬ ፊቷን ማየት ቀፈፈኝ።»

ገንዳው ውስጥ ውኃው ይፈስሳል፤ ማንም አልዘጋውም።

«ትናንት ለአማካሪዬ ነግሬያለሁ» አለች። «ዓርብ እሄዳለሁ።»

ሮስ እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ወዴት? እንዴ! ፍርድ ቤቱ እኮ እዚሁ ነው፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ! ነገ ጠዋት እንጋባ። ስለ ወረቀት አይደለም፤ ስለምወድሽ ነው። አንቺም ትወጂኛለሽ። ወይስ አሁን...»

«እወድሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ስማኝ። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ነቅቼ፣ ይሄን ሰው ለምን አገባሁት ብዬ ራሴን ብጠይቅ፣ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። ሁለት ከሆነ ያቃዠኛል። እሁድ ቀለበቱን ሳየው ሁለተኛው መልስ በልቤ አለፈ። ለአፍታ ነው፤ ግን አለፈ። ያን ጊዜ ነው ያስታወከኝ።»

«ለአፍታ ያለፈ ሐሳብ ነው እኮ! ማንም ያስበዋል!»

«ማንም ያስበው። እኔ ግን አንተን እንደ መኖሪያ ፈቃድ ማየት አስጠላኝ። ነገ ብንጋባ እናትህ ትክክል ነበረች ትላለች፤ ትበል፤ ለእሷ አይደለም። ግን እኔም በየሌሊቱ እጠይቃለሁ። አንተም አንድ ቀን ስትናደድ ትጠይቃለህ።»

«እኔ አልጠይቅም።»

«ትጠይቃለህ፣ ውዴ።»

በዚያች «ውዴ» ላይ ትልቁ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ልታቅፈው ፈለገች፤ ገላዋ ግን ገና እሺ አላላትም። እሁድ የገባባት ነገር ከቆዳዋ ሥር አልወጣም ነበር። ማድረግ የቻለችው ውኃውን መዝጋት ብቻ ነው። ዝምታው ውስጥ የሁለት ዓመት ደስታዋ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ራቃት።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሊሸኛት የመጣው እሱ ነው። አኮሱዋ መኪናው መስኮት ላይ ተንጠልጥላ፣ «ቪዛውን ከከለከሉሽ ፎቶዬን አሳዪያቸው፤ እዚያ አገር የምትጠብቀኝ ቆንጆ አለች በያቸው» አለችና ፊቷን አዙራ ሮጠች፤ ስታለቅስ እንዳያዩዋት።

አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኦማሃ ነው። መንገድ ላይ የፕራቢና ስልክ ጮኸ፤ ማርሊስ ናት። ፕራቢና ጮኾ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ መልእክት ገባ፤ «ይቅር በይኝ የኔ ማር። እናት ስትሆኚ ይገባሻል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይቅርታው እውነት ሊሆን ይችላል። «የኔ ማር» የምትለዋ ቃል ግን አሁንም ጥርሷ ላይ ተጣበቀች። አልመለሰችላትም፤ አላጠፋችውም። ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሻንጣዋን አስረክባ ፍተሻው ሰልፍ ጋ ሲደርሱ፣ ሮስ ከዚያ ማለፍ ስለማይችል ቆመ። እግሩን እያፈራረቀ ቆይቶ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣ።

«ደግሞ ምንድነው?» አለች ፈርታ።

«ክፈቺው።»

ሁለት ትንንሽ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ሮስ ነው። ዓይኑ ፈጥጦ፣ ፀጉሩ በውኃ ተለጥፎ፣ ጆሮው እንደ ድስት እጀታ ወጥቶ፣ ከእስር ቤት ያመለጠ ሌባ መስሏል።

«ፓስፖርት ልጠይቅ ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ አገር ወጥቼ አላውቅም። ትናንት ስነሣው ሰውየው አትሳቅ፣ አትንቀሳቀስ፣ አገጭህን ቀና አድርግ እያለ አንገላታኝ። ፎርሙ ደግሞ የእናቴ የልጅነት ስም፣ የተወለድኩበት ሆስፒታል... የማይጠይቀው ነገር የለም። አንቺ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማግባት አይደለም የምመጣው። ለመለመን አይደለም። አባትሽ ደብተሬን ይዩት። በመጋቢት፣ እርሻው ሳይጀመር እመጣለሁ። አትምጣ ካልሽኝ አልመጣም።»

ፕራቢና ፎቶውን አየች። እሱን አየች። ደግሞ ፎቶውን አየች። ሳታስበው ሳቅ አፈናት፤ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ከት ብላ ሳቀች። ሮስም የሚሆነው ጠፍቶት ሳቀ። ሳቋ መሃል ላይ ሳታውቀው እንባ ሆነ፤ እንባው ደግሞ ማቆሚያ አጣ።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው።

ሻካራ፣ ቀዝቃዛ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። እንዳይቀፋት ፈርታ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። አልቀፋትም። ከኋላዋ ያለች ሴትዮ «የኔ እመቤት፣ ሰልፉ ሄደ» አለቻት። ፕራቢና አልሰማችም። እጁ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ገና ሳትለየው፣ ናፍቆቱ አንጀቷን ሲበላት ተሰማት።